አበበ ጫማ ቸግሮት አይደለም

የአበበ ቢቂላ ስም በተነሳ ቁጥር አብሮት የሚነሳ አንድ አባባል አለ፤ «ጫማ እንኳ ሳይኖረው ዓለምን አሸነፈ» የሚል። ተማሪ ቤት ሰምተነዋል፣ በሬዲዮ ሰምተነዋል፣ ልጆቻችንን «አንተ ሁሉ ነገር ተሟልቶልህ» ብለን ስንቆጣም የምንጠቅሰው እሱኑ ነው። በምስጋና መልክ ስለሚነገር የሚከራከረው ሰው የለም። እኔ እከራከረዋለሁ። አባባሉ ከእውነት የራቀ ነው። ከዚያም የከፋው፣ ባዶ እግርን ከችጋር ጋር አጣብቆ በአእምሯችን ስለተከለው፣ የሯጮች አገር የምንባል ሰዎች የሯጭ እግር እንዴት እንደሚሠራ ማሰብ ትተናል።

እስቲ ነገሩን ከሥሩ እንየው። የሮሙ ማራቶን የተሮጠው ጳጉሜ 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ በእንቁጣጣሽ ዋዜማ ነው (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ሯጮቹ አመሻሽ ላይ ከካምፒዶልዮ ኮረብታ ተነስተው፣ ወታደሮች በጨለማ ችቦ ይዘው በቆሙበት በጥንታዊው የአፒያ መንገድ አልፈው፣ በቆስጠንጢኖስ ቅስት ሥር ውድድሩን ጨረሱ። አበበ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ገባ። የሞሮኮው ራዲ ቤን አብደሰላም የደረሰው ከ25 ሰከንድ በኋላ ነው። እንግዲህ ይህ አበበ የክብር ዘበኛ ወታደር ነበር። በእሱ ጊዜ የንጉሠ ነገሥቱ ዘበኛ ያለ ጫማ ይሰለፍ ነበር? ሮም ላይም ጫማ ቀርቦለት ነበር፤ እግሩን አልመቸው አለ እንጂ። በልምምድ ባዶ እግሩን መሮጥ የለመደ ሰው ስለነበር፣ ከስዊድናዊው አሰልጣኙ ከኦኒ ኒስካነን ጋር ተመካክሮ የማይስማማውን ጫማ ተወና የሚያውቀውን እግሩን መረጠ። አርባ ሁለት ኪሎ ሜትር ሊሮጥ የተነሳ ሰው እግሩን የሚልጠውን ትቶ ያሠለጠነውን ሲይዝ፣ ውሳኔው የባለሙያ ውሳኔ ነው።

ይህ አልበቃ ያለው ሰው የሚቀጥለውን ዓመት ይመልከት። በ1961 አቴንስ ላይ አበበ ሌላ ማራቶን ሮጦ አሸነፈ፤ አሁንም በባዶ እግሩ። ያን ጊዜ የኦሎምፒክ ባለድል ነው፤ ስሙን የማያውቅ ስፖርተኛ የለም። እንዲህ ያለ ሰው ጫማ አጣ ብሎ የሚከራከር ካለ እስቲ ይምጣ። ከዚያ በኋላ ወደ ኦሳካ ሲሄድ፣ ኋላ አሲክስ የሆነውን ኩባንያ የመሠረተው ጃፓናዊው ኪሃቺሮ ኦኒትሱካ አግባብቶ ጫማ አስደረገው፤ ተጫምቶም አሸነፈ። በ1964 ቶኪዮ ላይ የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ካደረገ ስድስት ሳምንት ሳይሞላው፣ ጫማና ካልሲ አድርጎ በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ገባ፤ ሁለተኛው ሰው የታየው ከአራት ደቂቃ በኋላ ነው። ባዶውንም ሆነ ተጫምቶ ያሸነፈው ያው አንድ እግር ነው። መጀመሪያ እግሩ ተሠራ፤ ጫማው በኋላ መጣ። እኛ ግን ታሪኩን ገልብጠን ያዝነው። እሱ ጫማ ሳይኖረው እንዲህ ከሆነ፣ ጫማ ያለውማ የት ይደርሳል ብለን ጫማውን የነገሩ ሁሉ መጀመሪያ አደረግነው።

ማለዳ ጃን ሜዳ ወይም እንጦጦ ብትወጡ ለጤናው የሚሮጠው ሰው እየበዛ መጥቷል፤ ይህ የሚያስደስት ነው። የብዙዎቹ እግር ግን ሁለት ጣት በሚያህል ስፖንጅ ላይ ተሰቅሏል። «ሩጫ ልጀምር ነው» የሚል ሰው አስቀድሞ የሚጠይቀው የቱን ጫማ ልግዛ ብሎ ነው። ስታዲየም ዙሪያ ያለው የስፖርት ዕቃ ነጋዴም፣ የሚሮጥ ጓደኛውም የሚመልሱለት አንድ ዓይነት ነው፤ ሶሉ ወፍራም ይሁን፣ ለጉልበትህ። ቀጭን ሶል አድርጎ የወጣውን «ጉልበትህን ትጨርሰዋለህ» ይሉታል። ጫማውን አውልቆ ሣር ላይ የሚሮጠውማ ይታዘንለታል። አንድ ጠዋት ከኪዳን የሚመለሱ እናት እኔን አስቁመው «የኔ ልጅ፣ ጫማህን ቀሙህ እንዴ?» ብለውኛል። ደግነታቸው እስከ ዛሬ ልቤ ውስጥ አለ። ግን እሳቸው ራሳቸው ከጥቂት ደቂቃ በፊት ጫማቸውን አውልቀው ቤተ ክርስቲያን ገብተው ነበር፤ ወደ ግሸን በባዶ እግሩ የሚሄደውን ተሳላሚም አክብረው ነው የሚሸኙት። ሲጸልይ የተከበረው እግር ሲሮጥ የሚታዘንለት፣ በመካከል ያ የችጋር ታሪክ ስለገባ ነው።

አሁን ወደ እግሩ ልምጣ።

ሰው ጠንካራ መሬት ላይ በባዶ እግሩ ሲሮጥ ማንም ሳያስተምረው እርምጃውን ያሳጥራል። ተረከዙን ወደፊት ወርውሮ መሬት መደብደብ ስለሚያመው ይተወዋል። እግሩን ከሰውነቱ ብዙ ሳያርቅ በፊተኛው ክፍሉ ወይም በመሐሉ ያሳርፍና ተረከዙ ቀስ ብሎ ይከተላል። ክብደቱን ባቱ፣ ከተረከዙ በላይ ያለው ወፍራም ጅማትና የውስጥ እግሩ ቅስት ተካፍለው ይቀበሉታል። የሃርቫርዱ ዳንኤል ሊበርማንና ባልደረቦቹ በ2010 ኔቸር በተባለው የሳይንስ መጽሔት ባወጡት ጥናት ይህን ለክተው አሳይተዋል። በባዶ እግር መሮጥ የለመዱ ሰዎች፣ ከእነርሱም ውስጥ የኬንያ ስምጥ ሸለቆ ሯጮች፣ በአብዛኛው በፊተኛው እግራቸው ሲረግጡ፣ ተረከዝ ሲያርፍ ወዲያው የሚመጣው ድንገተኛ ምት በእነርሱ ላይ አይታይም።

ወፍራም ሶል ምን ያደርጋል? የመሬቱን ወሬ ይዘጋል። እግር ስለረገጠው ነገር የሚነግረው ሲያጣ እርምጃው ይረዝማል፤ ተረከዙ ሕመም ስለማይሰማው ወደፊት ይወረወራል። ምቱ ግን አልጠፋም። በ2018 የፊንላንድ ተመራማሪዎች በጣም ወፍራም ሶል ያለውን ጫማ ከተለመደው የሩጫ ጫማ ጋር ሲያነጻጽሩ፣ ሯጮቹ ፈጠን ሲሉ በወፍራሙ ጫማ እግራቸው ይበልጥ ገትሮ፣ የምቱ ኃይልም ጨምሮ አገኙት። ለጉልበት ተብሎ የተገዛው ስፖንጅ እግርን ራሱን እንደ እንጨት አስገተረው ማለት ነው።

እግር 26 አጥንቶች አሉት። በእነርሱ መካከል ውስጥ እግርን ቅስት አድርገው የሚይዙ ትንንሽ ጡንቻዎች ተዘርግተዋል። አትሌቱ ጭኑን ያሠራል፣ ሆዱን ያሠራል፣ ሳንባውን ለማስፋት እንጦጦ ድረስ ይወጣል፤ እነዚህን ጡንቻዎች ግን ከጠዋት እስከ ማታ ጫማ ውስጥ አስተኝቷቸው ይውላል። የክርክሬ እምብርት ይህ ነው። በ2019 በታተመ የአሜሪካ ጥናት፣ ቀጭን ጫማ አድርገው ለ8 ሳምንት የተራመዱ ሯጮች፣ የተራመዱ ብቻ ናቸው፣ የእግራቸው ጡንቻ ታስቦ የእግር ስፖርት ከሠሩት ሰዎች ጋር እኩል ጠንክሮ ተገኝቷል። በ2020 ደግሞ ብራዚል ውስጥ 118 ሯጮችን ለሁለት ከፍለው ለአንዱ ወገን የእግር ማጠንከሪያ ልምምድ ሰጡ። በአንድ ዓመት ክትትል፣ ልምምዱን ያልሠራው ወገን የመጎዳት ዕድሉ ከሠራው ወገን 2.42 እጥፍ ሆነ። ጉልበቱን የሚወድ ሰው ገንዘቡን ከማውጣቱ በፊት ሊያውቀው የሚገባ ቁጥር ይህ ነበር። ሻጭ ሲነግረው ግን አልሰማሁም።

«ቆዳው ደንድኖ እግሩ መስማት ያቆማል» የሚል ተቃውሞ ብዙ ጊዜ ይቀርብልኛል። ይህም በ2019 ኔቸር ላይ መልስ አግኝቷል። በባዶ እግራቸው የሚሄዱ ኬንያውያን የውስጥ እግራቸው ቆዳ ወፍራም ሆኖ ሳለ የመዳሰስ ስሜታቸው ግን አልቀነሰም። እርፍ የያዘ የገበሬ መዳፍ ደንድኖም እህሉ መድረቁን በመዳሰስ እንደሚያውቅ ሁሉ፣ የደነደነ እግርም መሬቱን ያውቃል።

ሌላው ሰው የሚተማመንበት ነገር «እግርህ ጠፍጣፋ ነውና ይህን ዓይነት፣ ቅስትህ ከፍ ያለ ነውና ያንን ዓይነት ጫማ» የሚለው ምክር ነው። የአሜሪካ ጦር ይህን በሺዎች በሚቆጠሩ ምልምሎች ላይ ሞክሮታል። በምድር ጦር፣ በአየር ኃይልና በባሕር ወለድ ሦስት ጊዜ። ለግማሾቹ እንደ እግራቸው ቅርጽ የተመረጠ ጫማ፣ ለቀሩት ለሁሉም አንድ ዓይነት ጫማ ተሰጠ። በጉዳት ብዛት ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልተገኘም።

ከእኔ ጋር የማይስማማ ጥናት የለም አልልም። በ2020 ሉክሰምበርግ ውስጥ 848 ሯጮች ጫማ ታድሏቸው ክትትል ተደርጎባቸዋል። ደረቅ ሶል የደረሳቸው ለስላሳ ከደረሳቸው ይልቅ አንድ ተኩል ጊዜ ያህል ለጉዳት ተጋልጠዋል። ጥሩ ጥናት ነው፤ አከብረዋለሁም። ነገር ግን የተነጻጸሩት ሁለቱም ዘመናዊ ወፍራም ጫማዎች ናቸው፣ አንዱ ለስለስ፣ አንዱ ደረቅ ያለ። ለስላሳው የጠቀመውም ክብደታቸው ቀለል ያሉትን ነው። በስፖንጅ ለመሮጥ የወሰነ ሰው ለስላሳውን ይምረጥ፤ ይህ ምክር ከጥናቱ ይወጣል። እግሩን አስቀድሞ ስላሠራ ሰው ግን ጥናቱ አልጠየቀም።

ከዚህ ሁሉ የሚከብደውና አንድ ኢትዮጵያዊ ጸሐፊ ሊዘለው የማይገባው ሌላ ነው። በአገራችን ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሰው እግሩ ያበጠው በባዶ እግሩ ስለሄደ ነው። ሐኪሞች ፖዶኮኒዮሲስ ይሉታል፤ ሕዝቡ ዝሆኔ ይለዋል። ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተፈጠረው የደጋው ቀይ አፈር ውስጥ ያሉ ጥቃቅን ማዕድናት በቆዳ ውስጥ ይገባሉ፤ ከዓመታት በኋላ የእግሩን ፈሳሽ የሚያመላልሱትን ቧንቧዎች ይዘጋሉ፤ እግሩ ያብጣል፣ ይቆሳስላል፣ ይሸታል። ወላይታ ሄዳችሁ፣ ምሥራቅ ጎጃም ሄዳችሁ እነዚህን ሰዎች እዩ። በሽታው አይተላለፍም፤ ጎረቤት ግን ይሸሻቸዋል፣ ልጆቻቸውን የሚያገባ ይጠፋል፣ ገበያና ደጀ ሰላም መሄድ ያፍራሉ። ይህ ሁሉ ደግሞ ከልጅነት ጀምሮ ጫማ በማድረግና እግርን በሳሙና በመታጠብ ሙሉ በሙሉ የሚቀር ነበር።

ስለዚህ «ጫማ የድሃ ጠላት ነው፣ ወደ ተፈጥሮ እንመለስ» የሚል ሰው ከእኔ ጋር አይቁም። ቀይ አፈር ላይ ለሚያርስ ገበሬና ውሃ ለምትቀዳ ልጅ ጫማ መድኃኒት ነው፤ ለእያንዳንዱ ልጅ ሊደርሰው ይገባል። ነገር ግን እነዚያን እግሮች የሚያድናቸው ምን እንደሆነ ልብ እንበል። አፈሩን ከቆዳው የሚለይ ሽፋን ነው። የአራት ሴንቲ ሜትር ስፖንጅ ለዝሆኔ የሚጨምረው ነገር የለም። ቆዳን መሸፈን አንድ ነገር ነው፤ እግርን ሥራ ማስፈታት ሌላ። የጫማ ገበያው ሁለቱን ስለቀላቀለ፣ ስለ ቀጭን ሶል የሚናገር ሰው ሁሉ የድሃ ልጅ ባዶ እግሩን ይሂድ ያለ ይመስላል። እኔ የምለው ልጁ ይጫማ፣ ጫማውም እግሩን እንዲያሠራው ቀጭን ይሁን ነው። ቀጭኑ ደግሞ ርካሹ ነው።

የባዶ እግር ሩጫ ፍቅር ምዕራባውያንን የያዛቸው ከ2009 ወዲህ፣ ክሪስቶፈር ማክዱጋል ታራሁማራ ስለሚባሉት የሜክሲኮ ሯጭ ሕዝቦች በጻፈው መጽሐፍ ነው። እዚያም እውነቱና ግነቱ ተደባለቁ። ጣት ጣቱ የተለየ ጫማ የሚሠራው ቪብራም ጫማው እግር ያጠነክራል፣ ጉዳት ይቀንሳል ብሎ አስተዋወቀ፤ በቂ ማስረጃ አላቀረብክም ተብሎ ተከሰሰና በ2014 ለገዢዎች 3.75 ሚሊዮን ዶላር ሊከፍል ተስማማ። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ የወጣ ጥናት፣ በ10 ሳምንት ውስጥ ወደዚያ ጫማ ከተሸጋገሩት 19 ሯጮች በ10ሩ የእግር አጥንት ውስጥ የጫና ምልክት አግኝቷል። ተቺዎቻችን ይህን ሲያነሱ አልሸሽም። ዕድሜ ልክ የተኛ እግር በሁለት ወር ተኩል ውስጥ ተነስና ተሸከመኝ ቢባል አጥንቱ ይሰነጠቃል። ጥፋቱ የችኮላው ነው። ባዶ እግሩን የሚሄድ ሰው ሁሉ በተፈጥሮው አሳምሮ ይሮጣል የሚለውም ስሕተት ነው። በኦሞ ወንዝና በቱርካና ሐይቅ ዙሪያ የሚኖሩት፣ በእኛም በኬንያም ድንበር ውስጥ ያሉት ዳሰነቾች ሲጠኑ፣ በሚመቻቸው የሩጫ ፍጥነት አብዛኞቹ በተረከዛቸው ነው የረገጡት። ረጅም ርቀት የመሮጥ ልማድ የላቸውምና። መጫሚያ ማውለቅ ብቻውን ሯጭ አያደርግም። ልምምድ ነው የሚያደርገው።

ታራሁማራዎቹ ግን አንድ ነገር ያስተምሩናል። በ1993 አሜሪካ ሌድቪል ላይ በተደረገው የ100 ማይል የተራራ ሩጫ ያሸነፈው ቪክቶሪያኖ ቹሮ የ55 ዓመት ሰው ነበር፤ እግሩ ላይ የነበረው ከመኪና ጎማ ተቆርጦ በጠፍር የታሰረ ጫማ ነው። በ2017 ማሪያ ሎሬና ራሚሬዝ ሜክሲኮ ውስጥ የ50 ኪሎ ሜትር ውድድር በተመሳሳይ ቀላል ጫማ አሸነፈች። ዓለም ተደነቀ፤ ዛሬ ያንን ጫማ አስመስለው የሚሠሩ የውጭ ኩባንያዎች በብዙ ዶላር ይሸጡታል። ይህ ጫማ በረባሶ ነው! መርካቶ ጎማ እየተቀደደ ሲሠራ የኖረው፣ አርበኛው የተዋጋበት፣ ገበሬው ተራራ የወጣበት፣ የእኛው በረባሶ። ጠፍጣፋ ነው፣ ጣት አያፍንም፣ እሾህ አያስገባም፣ ዓመታት ይቆያል። እኛ ግን በረባሶ ማድረግ የባላገርነት ምልክት ነው ብለን ጥለነዋል። ሶልሬብልስ የተባለው የአዲስ አበባ ጫማ ሠሪ የጎማ ሶል ጫማ ለውጭ ገበያ ሲልክ፣ ዋጋውን ያወቀው የውጭው ገዢ ነው። የእኛ ሯጭ የአገሩን ቀጭን ሶል ንቆ ለሌላ አገር ስፖንጅ ገንዘብ ሲቆጥብ ማየት ያሳዝነኛል።

ታዲያ እንዴት ይጀመር? ከሩጫው አይጀመርም። መጀመሪያ ቤት ውስጥና ግቢ ውስጥ ጫማ አውልቆ መዋል ነው። ከዚያ ልምምዱ ሲያልቅ፣ ሰውነት ሞቆ ሳለ፣ ሣር ላይ ጥቂት ደቂቃ በባዶ እግር ሶምሶማ። በማግስቱ ባት ቢታመም አይደንግጥ፤ ያልሠራ ጡንቻ ሥራ ሲጀምር ነው። የእግሩ የላይኛው ጀርባ፣ ከጣቶቹ ጀርባ ያለው አጥንት፣ ተጭነውት ካመመ ግን ማቆም ነው፤ የሚሰነጠቀው እሱ ነውና። ደቂቃው በወራት ይጨመር እንጂ በሳምንት አይጨመር። ከዚያ የዘወትሩ ጫማ እየቀጠነ ይሂድ። ተረከዙና ጣቱ እኩል ከፍታ ላይ ያለ፣ ጣቶች እንደ ልብ የሚዘረጉበት፣ በእጅ ሲታጠፍ የሚተጣጠፍ ጫማ ይበቃል፤ ብዙ ሸራ ጫማ ይህን ያሟላል። ኮረኮንች ላይ ቀጭን ሶል አድርጎ የሮጠ ሰው እርምጃውን ማሳጠር ያለ አስተማሪ ይማራል። ክረምት ላይ በባዶ እግር ጭቃ ውስጥ አይገባም፤ ጭቃው ጠርሙስም ምስማርም ይደብቃል፣ አፈሩም ከላይ ያልኩት አፈር ሊሆን ይችላል። ከሮጡ በኋላ እግርን በሳሙና መታጠብና የመንጋጋ ቆልፍ ክትባትን አለመርሳት ነው። የስኳር ሕመም ያለበት፣ እግሩ የመስማት ኃይሉ የቀነሰ ሰው ግን በባዶ እግሩ አይሩጥ። ቁስሉን ሳያውቀው እግሩን ሊያጣ ይችላል። በውድድር ቀን እኔ ራሴ ቀጭን ጫማ ነው የማደርገው፤ በታላቁ ሩጫ ሕዝብ መካከል ባዶ እግር መረገጥ ነው ትርፉ።

ለእንጀራው የሚሮጠው አትሌት የውድድር ቀን ጫማ ሌላ ጉዳይ ነው። ሶሉ ውስጥ የካርቦን ሳህን ያለው ወፍራም ጫማ ኃይል እንደሚቆጥብ በቤተ ሙከራ ተለክቷል፤ ተቀናቃኙ አድርጎት እሱ ሳያደርግ ይሰለፍ ብዬ አልፈርድበትም። ትዕግስት አሰፋ በ2023 በርሊን ላይ 2 ሰዓት ከ11 ደቂቃ ከ53 ሰከንድ ገብታ የሴቶችን ክብረ ወሰን ከሁለት ደቂቃ በላይ ስታሻሽል፣ እግሯ ላይ የነበረው 138 ግራም የሚመዝን፣ 500 ዶላር የሚሸጥ ጫማ ነበር። ከዚያ ወዲህ ወጣቶቹ የሚያወሩት ስለ ጫማው ነው። ትዕግስት 800 ሜትር ስትሮጥ ያደገች ሴት ናት፤ በሪዮ ኦሎምፒክም የተሰለፈችው በዚያ ርቀት ነው። ያ ሁሉ የፍጥነት ዓመት እግሯ ውስጥ ባይኖር 138 ግራሙ የት ያደርሳት ነበር? ደራራ ሁሪሳ ደግሞ በ2021 ቪየና ላይ ማራቶኑን አንደኛ ሆኖ ከጨረሰ በኋላ ድሉን ተነጠቀ። የዓለም አትሌቲክስ ለጎዳና የሚፈቅደው የሶል ውፍረት 4 ሴንቲ ሜትር ሲሆን የእሱ 5 ነበር። አንድ ሴንቲ ሜትር ስፖንጅ የ42 ኪሎ ሜትር ልፋት አስቀረ። ስፖርቱ ሶል በማስመሪያ እየለካ አሸናፊ የሚለይበት ደረጃ ከደረሰ፣ የእኛ ድርሻ ማስመሪያው የማይደርስበትን እግር መሥራት ነበር።

ይህን የምለው በተለይ ለታዳጊ አሰልጣኞች ነው። ደራርቱ፣ ቀነኒሳና ጥሩነሽ በበቆጂ እግራቸው ሲሠራ ይህ ወፍራም ሶል ገና በዓለም ላይ አልነበረም። አሁን የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ማጣሪያ ሳያልፍ ቤተሰቡን አስበድሮ፣ በሌላ ሰው እግር ያለቀ ባለ ካርቦን ጫማ ገዝቶ ለዘወትር ልምምድ ያደርገዋል፤ ስፖንጁ ሞቷል፣ ሳህኑ ግን እንዳለ ገና ያልጠነከረውን አጥንቱን ይገፋል። አሰልጣኙ ይከልክለው። ከልምምድ በኋላ ያለው ማፍታቻ ጠርሙሱ በተለቀመ ሣር ላይ፣ ጫማ ወልቆ ይሁን፤ ለዘወትሩ ቀጭንና ጠፍጣፋ ጫማ ይበቃዋል። በጫማ የሚያልቀው ገንዘብ ለምግቡና ለቤት ኪራዩ ይዋል። ልጁ ሰዓት ማስመዝገብ ሲጀምር የውድድር ጫማውን ማናጀሩ ያመጣለታል።